ደብዳቤውን ላሚኔት ላስደርገው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ከሰሜን ሸዋ የደረሱን ናቸው። አብዛኞቹ በጠላት ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ የተጻፉ ደብዳቤዎችንና የዚያን ጊዜ ጋዜጦችን ጠብቆ ወደ ዲጂታል ማኅደር ስለማስገባት ይጠይቃሉ። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርገናቸዋል፤ ረዘም ያሉትንም አሳጥረናል።

ጥያቄ፦ አባታችን ከአያታችን የተረከቡት የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ በክር የታሰሩ ደብዳቤዎች አሉ። ግማሾቹ በእርሳስ፣ ግማሾቹ በቀለም የተጻፉ ናቸው፤ ማኅተም ያለባቸውም አሉ። ፎቶ ቤት ብንጠይቅ «ላሚኔት ካስደረጋችሁት መቼም አይበላሽም» አሉን። እናስደርገው?
ከመሐል ሜዳ

መልስ፦ በፍጹም አታስደርጉት። ማሽኑ ፕላስቲኩን ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ አሙቆ ሙጫውን ወረቀቱ ውስጥ ያሰርገዋል። አንዴ ከገባ በኋላ ወረቀቱን ሳይቀዱ ማላቀቅ አይቻልም። ወረቀቱን የሚያደርቀውና የሚያቡነው አሲድ ደግሞ የሚመነጨው ከራሱ ከወረቀቱ ስለሆነ ፕላስቲኩ ከውስጥ ያፍነዋል እንጂ አያስቆመውም። ለመታወቂያ ላሚኔት ይሁን፤ መታወቂያ ቢበላሽ ቀበሌው ሌላ ይሰጣል። ስኮችም ያው ነው፤ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ፕላስቲኩ ይላቀቅና ቡናማ ሙጫው ፊደሉ ላይ ይቀራል።

ክሩን ለመፍታት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ሳጥኑን ከነክዳኑ፣ ቀጥሎ እሽጉን ከአራቱም ጎን ፎቶ አንሱ። ከዚያ አባታችሁን አስቀምጣችሁ ጠይቋቸው፦ እሽጉን ማን አሰረው? ሳጥኑ ከየት ወደ የት ተዘዋወረ? ደብዳቤ የጎደለበት ወይም የተጨመረበት ጊዜ አለ? መልሱን ዛሬውኑ ጻፉት። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል፤ ፎቶ ግን ነገም ማንሳት ይቻላል፣ የአባት ቃል ግን ላይገኝ ይችላል። ቅደም ተከተሉም ራሱ መረጃ ነው። ቀን የሌለው ደብዳቤ በየካቲትና በመጋቢት 1930 ዓ.ም. በተጻፉ ሁለት ደብዳቤዎች መካከል ከተገኘ የት አካባቢ እንደሚውል መገመት ይቻላል። በየላኪው ለይቶ መደርደር የሚያምር ይመስላል፤ ያን ፍንጭ ግን ያጠፋል። ስለዚህ እሽጉ ውስጥ ባሉበት ተራ ቁጥር ስጧቸው። ቁጥሩ ደብዳቤውን በሚያቅፈው ንጹሕ ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ በደብዳቤው ላይ የግድ ከሆነ በጀርባው ጥግ፣ በለስላሳ እርሳስ፣ ሳትጫኑ።

ለመዘርጋት እጅ በሳሙና ታጥቦ በደንብ መድረቅ አለበት። በቴሌቪዥን የሚታየው ነጭ ጓንት ለዚህ ሥራ አይመከርም፤ ጣት የወረቀቱን ጠርዝ እንዳይሰማው ያደርግና መቅደድ ያመጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ የመንዝ አየር ቀዝቃዛና ደረቅ ስለሚሆን ወረቀት ያን ጊዜ ይሰበራል፤ አየሩ ለስለስ እስኪል መጠበቅ ይሻላል። እጥፉ እንቢ ካለ ግማሽ ድረስ ብቻ ከፍታችሁ በሁለት ንጹሕ ወረቀቶች መካከል አድርጉና ቀላል መጽሐፍ ጭናችሁበት አሳድሩት፤ በማግስቱ ትንሽ ጨምሩ። «ቅስስ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ አቁሙ፣ የሚታየውን ያህል ፎቶ አንስታችሁ ተዉት።

የማንቆርቆሪያ እንፋሎት እንዳታስጠጉ። በዚያ ዘመን ኮፒ እርሳስ የሚባል ዓይነት ነበር፤ ደረቅ ሲሆን ተራ እርሳስ ይመስላል፣ እርጥበት ሲነካው ወይን ጠጅ ቀለም ሆኖ ይፈሳል። በአጉሊ መነጽር ሲያዩት ግራጫው ጭረት ውስጥ ሐምራዊ ነጠብጣብ ካለ እሱ ነው። በምራቅ በራሰ ጣት ገጽ መግለጥም ያው ጥፋት ነው። የማኅተም ቀለምም ብዙ ጊዜ ውኃ አይችልም።

የምድጃ ጥላሸት ካለበት በላጲስ አትፈትጉት፤ እርሳሱም አብሮ ይነሣል። ለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ይዛችሁ ከመሃል ወደ ውጭ በቀስታ ጥረጉ፤ ቀለሙ የሚረግፍ ከሆነ እሱንም ተዉት። የዛገ ስፒል አይጎተትም፤ ከላይና ከታቹ ስስ የፕላስቲክ ቁራጭ አስገብታችሁ እግሩን በማንሣት ፍቱት።

ማስቀመጫን በተመለከተ፣ ካኪ ፖስታና ጋዜጣ ራሳቸው አሲዳማ ስለሆኑ አይሁኑ። ገበያ ላይ ካለው የኤ4 ወረቀት መጠቅለያው ላይ አይኤስኦ 9706 (ISO 9706፣ ለረጅም ዘመን የሚቆይ ወረቀት መለኪያ) የሚል የተጻፈበትን ፈልጋችሁ እያንዳንዱን ደብዳቤ በአንድ ወረቀት እቀፉ። ከዚያ ሁሉንም በታጠበ፣ ስታርች ባልነካው አቡጀዲ ጠቅልላችሁ ሳጥን ውስጥ አስገቡ። ሳጥኑ ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ፣ ከውጭ ግድግዳና ከምድጃ ርቆ ይቀመጥ። ክሩንም አትጣሉት፤ በቁጥር መዝግባችሁ አብራችሁ አኑሩት።

ጥያቄ፦ በደብረ ሲና አቅራቢያ ያለው የአክስቴ አሮጌ ጭቃ ቤት ውስጡ በጋዜጣ የተለበጠ ነው። አንዱ ላይ «ሰንደቅ ዓላማችን» የሚል አርእስት ይነበባል። ቤቱ ከክረምቱ በፊት ይፈርሳል። በውኃ አርሰን ብንልጠው ይወጣል?

መልስ፦ በውኃ አይሞከርም። የጋዜጣ ወረቀት ከተፈጨ እንጨት የሚሠራ ስለሆነ ሲረጥብ አቅሙን ያጣል። የተለጠፈበት የዱቄት ሙጫ ከመላላቱ በፊት ምርጊቱ ይሟሟና ጭቃው ወደ ጽሑፉ ይገባል።

ስለ ዘመኑ አንድ ማሳሰቢያ አለን። ሰንደቅ ዓላማችን ከነጻነት በኋላም ለብዙ ዓመታት የታተመ ጋዜጣ ስለሆነ አርእስቱ ብቻውን የጦርነት ዘመን ነው አያሰኝም፤ ቀኑን ፈልጉ። አዲስ ዘመንም መጀመሪያ የወጣው ነጻነት በተመለሰ በወሩ፣ ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ይሁን እንጂ ግድግዳ በየጊዜው በላዩ ላይ ስለሚለጠፍበት ከላይ የሚታየው አዲሱ ነው፤ አሮጌው ከሥር ነው ያለው። በተቀደደበት ጠርዝ ሁሉ ሥሩን እዩ፤ ያገኛችሁትንም በቅርበት ለብቻው ፎቶ አንሱት።

ፎቶው የሚነሣው ቤቱ እንደቆመ ነው። ከግድግዳው አናት አንድ ሲባጎ በአግድም ወጥሩና ሜትር አንጠልጥሉበት። ስልኩ ከግድግዳው ጋር ትይዩ እንዲሆን በማቆሚያ ላይ ይታሰር። አንዱ ፎቶ 40 በ30 ሴንቲ ሜትር ያህል ቦታ ቢይዝ በ12 ሜጋፒክስል ካሜራ ትንሹ ፊደል ሳይቀር ይነበባል። እያንዳንዱ ፎቶ ከጎረቤቱ ጋር አንድ ሦስተኛ ያህል ይደራረብ፤ ካልተደራረበ በኋላ የሚገጣጥመው ፕሮግራም መጋጠሚያ ያጣል። ስፋቱ 3 ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከግማሽ ለሆነ ግድግዳ ወደ 130 ፎቶ ይሆናል፤ ግማሽ ቀን ያዙለት። ረድፉን በፊደል፣ ዓምዱን በቁጥር ሰይማችሁ «ሀ 1»፣ «ሀ 2» የሚል ቁራጭ ወረቀት ከሲባጎው ላይ እያንጠለጠላችሁ በፎቶው ጠርዝ ይግባ። ፍላሽ አያስፈልግም፤ ከግራና ከቀኝ እኩል ብርሃን ይሁን።

የተወሰነውን በአካል ለማትረፍ ከፈለጋችሁ ጋዜጣውን ከምርጊቱ አታላቅቁ፤ ምርጊቱን ከነጋዜጣው ከማገሩ አላቅቁት። የመረጣችሁትን ገጽ ከዳር ዳሩ አምስት ሴንቲ ሜትር ትርፍ ትታችሁ በቢላዋ ክበቡት። አንድ ሰው አቡጀዲ የተነጠፈበት ጣውላ ፊት ለፊት ይደግፍ፤ ሌላው ከኋላ ሰፊና ስስ መሮ እያስገባ ይልቀቀው። ጣውላው ላይ በፊቱ ከተኛ በኋላ ጭቃውን ከጀርባው በእንጨት ማንኪያ እየፈረፈራችሁ አቅልሉት። ጭድ ብቅ ያለበትን ቦታ አትጎትቱ፤ ጭዱ ወረቀቱን ይዞት ይመጣል። ሁለትና ሦስት ድርብ ከሆነ ድርቡን ለመለያየት አትሞክሩ፤ የሠለጠነ እጅ ይጠብቅ።

ጥያቄ፦ የደብረ ብርሃን ወጣቶች ነን። ከየቤቱ ደብዳቤ እየዞርን ልንሰበስብ አስበናል። ያለን ስልክ፣ አንድ ላፕቶፕና 1 ቴራባይት ዲስክ ነው። ስካነር ግድ ነው? ዲስኩስ ይበቃናል?

መልስ፦ ስካነር ግድ አይደለም። እንዲያውም በዩኤስቢ ገመድ ብቻ የሚሠሩት ስስ ስካነሮች መስተዋቱን ያልነካውን ነገር ያደበዝዛሉ፤ እጥፋት ያለበት ደብዳቤ ደግሞ መስተዋት ላይ ተስተካክሎ አይተኛም፣ ተጭኖም አይስተካከል።

12 ሜጋፒክስል ስልክ ፎቶው 4000 በ3000 ነጥብ ነው። የኤ4 መጠን ያለው ደብዳቤ ምስሉን ሙሉ ለሙሉ ሲሞላው ከ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ ከሚገቡ ነጥቦች ቁጥር) ትንሽ በልጦ ይመጣል፤ በቂ ነው። ኤ3 የሚያህል የጋዜጣ ገጽ ግን ወደ 240 ስለሚወርድ በሁለት ከፍላችሁ አንሱት። ስልኩ 48 ወይም 108 ሜጋፒክስል ነው ቢባል አትመኑት፤ ከደብዳቤው አጠገብ ማስመሪያ አስቀምጡና የሚሊ ሜትር መስመሮቹ ተለያይተው ይታዩ እንደሆነ አጉሉት። ማስመሪያው በእያንዳንዱ ፎቶ ውስጥ ይኑር፤ የደብዳቤውን ልክ የሚናገረው እሱ ነው።

«ሰነድ ስካን» የሚሉትን መተግበሪያዎች ለዋናው ፎቶ አትጠቀሙ። ጀርባውን ለማንጣት ሲሉ የደበዘዘ እርሳስ ጨምረው ያነጡታል፤ ምስሉ ጽድት ብሎ ይወጣል፣ ጽሑፉ ግን ግማሹ የለም። የስልኩ የራሱ ካሜራ ይበቃል፦ ፍላሽ ጠፍቶ፣ ዙም ሳይነካ፣ በሦስት ሰከንድ መቆያ። ሁለት መብራቶች ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ ይቁሙ። ርካሽ የኤልኢዲ አምፖል ፎቶው ላይ ጥቁር ረድፍ ካሳየ አምፖሉን ቀይሩ፤ ወይም መብራቱን አጥፍታችሁ በመስኮት ብርሃን ሥሩ። የደብረ ብርሃን ደመናማ የክረምት ቀን ለዚህ ሥራ የሚመች ነው፣ ጥላ አያበዛም። መብራት ሲጠፋም ሥራ አይቆምም። ጽሑፍ ከጀርባ አልፎ የሚታይባቸው ስስ ወረቀቶች ሥር ጥቁር ወረቀት አድርጉ። ጀርባው ባዶ ቢሆንም ይነሣ፤ ፖስታውም እንደዚያው።

የፋይሉን ስም በላቲን ፊደልና በቁጥር ብቻ ስጡት። የግዕዝ ስም ያላቸው ፋይሎች በአንዳንድ አሮጌ ፕሮግራሞች ሲታሸጉና ሲፈቱ ወደ ሳጥን ሳጥንነት ይለወጣሉ። ቁጥር ብቻ ከበቃችሁ 01-014-2 ማለት ሳጥን 1፣ ደብዳቤ 14፣ ገጽ 2 ይሆናል። «የደጃዝማች ደብዳቤ የመጨረሻው አዲሱ» ዓይነት ስም አሥር ሲሆን ይምታታል። የላኪው፣ የተቀባዩና የቦታው ስም በአማርኛ የሚገባው የደብዳቤዎቹን ዝርዝር በምትመዘግቡበት ሠንጠረዥ ላይ ነው።

ዲስኩ ይበቃችኋል። አንድ የኤ4 ገጽ በ400 ዲፒአይ፣ በቀለም፣ በቲፍ (ምስሉን ሳያሳንስ በሚይዝ የፋይል ዓይነት) ቢቀመጥ 46 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ 1 ቴራባይት ከሃያ ሺህ በላይ ገጽ ይይዛል። የስልክ ጄፔግ ደግሞ ከዚያ አንድ አሥረኛ ያህል ነው። ችግሩ የዲስኩ መጠን ሳይሆን ዲስኩ አንድ ብቻ መሆኑ ነው። ሁለተኛ ዲስክ ከሌላ ፋብሪካ ግዙ፤ ሦስተኛው ቅጂ ከከተማው ውጭ፣ ዘመድ ቤት ወይም ኢንተርኔት ላይ ይቀመጥ። ፍላሽ ለመውሰጃ እንጂ ለማኖሪያ አይሆንም፤ ሳይሰካ ዓመታት ሲቀመጥ የያዘውን ሊያጣ ይችላል። ለእያንዳንዱ ፋይል ሻ-256 (SHA-256) የሚባለውን አሻራ፣ ማለትም ፋይሉ ትንሽ ሲለወጥ አብሮ የሚለወጥ ረጅም ኮድ፣ አውጥታችሁ በጽሑፍ አስቀምጡ፤ ዊንዶውስ ውስጥ ያለው ሰርትዩቲል (certutil) የሚባል ትእዛዝ ያወጣዋል። በዓመት አንድ ጊዜ እንደገና አውጥታችሁ ስታነጻጽሩ ያልገጠመ ካለ ያ ፋይል ተበላሽቷል፣ ከሌላው ዲስክ ተኩት ማለት ነው። ዋናውን ምስል አትቁረጡ፣ አታዙሩ፣ አታድምቁ፤ ማሳመር የሚፈቀደው በቅጂው ላይ ነው።

ጥያቄ፦ የእነዋሪ የታሪክ መምህር ነኝ። የደብዳቤዎቹን ቀን ኤክሴል ላይ ስሞላ ግማሹ ይቀበለኛል፣ ግማሹ ወደ ታች ወርዶ ይደረደራል። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ ኤክሴል ቀኑን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር እየቆጠረው ነው። 1933-02-30 ብለው ጥቅምት 30ን ሲጽፉ 02 የፈረንጆች ፌብሩዋሪ ይመስለውና 30 ቀን የለውም ብሎ ተራ ጽሑፍ ያደርገዋል። 1933-13-03 ብለው ጳጉሜን 3ን ቢጽፉም እንዲሁ፤ እሱ 13ኛ ወር አያውቅም። የተቀበላቸውን እንደ ቀን፣ ያልተቀበላቸውን እንደ ጽሑፍ ስለሚይዝ ሲደረድር ጽሑፎቹን ከታች ይከምራቸዋል። መጻፍ ከመጀመርዎ በፊት ዓምዱን «ቴክስት» ያድርጉት። ዓመት በአራት፣ ወርና ቀን በሁለት በሁለት አኃዝ በዚህ ተራ ከገባ፣ የመስከረም ወር 01 ተብሎ ከተቆጠረ፣ እንደ ጽሑፍም ቢሆን በትክክል ይደረደራል፤ ጳጉሜንም ከነሐሴ በኋላ ቦታዋን ትይዛለች።

ሦስት ዓምድ ይሁን። አንደኛው ደብዳቤው ላይ እንደተጻፈው ከነግዕዝ አኃዙ፣ ሁለተኛው በእኛ አቆጣጠር በቁጥር፣ ሦስተኛው በፈረንጅ። መጀመሪያውን አያርሙት፣ ስሕተት ቢመስልም።

ዓመቱ የተቀደደ ወይም ፮ እና ፯ የማይለይበት ከሆነ ደብዳቤው ላይ የተጻፈውን የዘመኑን ወንጌላዊ ይፈልጉ። 1928 ዘመነ ዮሐንስ፣ 1929 ማቴዎስ፣ 1930 ማርቆስ፣ 1931 ሉቃስ፣ 1932 ዮሐንስ፣ 1933 እንደገና ማቴዎስ ነው። ለሌላ ዓመት 5500 ይደምሩና ለአራት ያካፍሉት፤ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። የዕለቱ ስም ካለም ይጠቅማል፤ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ዓርብ ነበረች፣ ከዚያ ወደፊትም ወደኋላም ይቁጠሩ። የኢጣሊያ ጽሕፈት ቤት ወረቀት ላይ ደግሞ ከቀኑ ጎን በሮማ አኃዝ የፋሺስት ዓመት (ፋሺስቶች ሥልጣን ከያዙበት ጊዜ የሚቆጠር) ይገኛል። 15ኛው ዓመት ከጥቅምት 1929 አጋማሽ እስከ ጥቅምት 1930 አጋማሽ ነው፤ ዓመቱ የሚለወጠው ጥቅምት ውስጥ እንጂ በመስከረም አይደለም።

ጥያቄ፦ ከዓለም ከተማ ነው የምጽፈው። አንዱ ደብዳቤ «እገሌ ባንዳ ሆኗል፣ መንገድ መርቶ አምጥቶብናል» ይላል። የሰውየው የልጅ ልጆች ጎረቤቶቻችን ናቸው። ስሙን ልሰርዘው? ደብዳቤውን ለሕዝብ ማሳየትስ እችላለሁ?

መልስ፦ ከዋናውም፣ ከዋናው ምስልም ምንም አይሰረዝ። ደብዳቤ የአንድ ወገን ቃል ነው። ያን ጊዜ በአርበኛውና በጠላት መካከል ሆኖ ለሁለቱም የታየ ሰው ነበር፤ በቂም የተከሰሰም አይጠፋም። ነገ ሌላ ደብዳቤ ቢገኝ የሚነጻጸረው ስሙ ካለ ብቻ ነው። ለሕዝብ በሚታየው ቅጂ ላይ ግን ስሙን መሸፈን ተገቢ ነው፤ ሠንጠረዡ ላይ «ስም ተሸፍኗል» ብለው ይጻፉ፣ ሙሉውን ማየት የሚሻ ተመራማሪ ምን ማድረግ እንዳለበትም ያስቀምጡ።

ሲሸፍኑ ግን ይጠንቀቁ። ፒዲኤፍ ላይ ጥቁር ሳጥን መሳል አይሸፍንም፤ ሳጥኑን ማንሣት ወይም ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ መቅዳት ይቻላል። የስልክ ማድመቂያ ብዕር ደግሞ በስሱ ያሳልፋል። በምስል ማረሚያ ሙሉ ጥቁር ቀብተው እንደ አዲስ ጄፔግ ያስቀምጡት። በዚያው ስልክዎ ፎቶው ውስጥ የሚጽፈውን የቦታ መረጃም ያጥፉ፤ ዋናው ደብዳቤ የማን ቤት እንዳለ ለሌባ የሚጠቁም እሱ ነው።

ሕጉን በተመለከተ ወረቀቱ የእርስዎ ቢሆንም ቃሉ የጸሐፊው ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የቅጂ መብት ጸሐፊው በሕይወት እያለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። በ1931 ዓ.ም. የወደቀ አርበኛ የጻፈው ጊዜው አልፏል፤ ነጻነቱን አይቶ በ1970ዎቹ ያረፈ ሰው ግን ገና ሊሆን ስለሚችል ወራሾቹን ያስፈቅዱ፣ ፈቃዱም በጽሑፍ ይሁን።

ጥያቄ፦ ደብዳቤዎቹን ተይበን ጨረስን፤ «ኃይለ ማርያም» ብዬ ስፈልግ ግን ግማሹ አይገኝም።
ከአንኮበር

መልስ፦ ጸሐፊዎቹ ኃይለ፣ ሀይለ፣ ኀይለ እያሉ ስለጻፉ ነው፤ ለኮምፒውተር ሦስቱም የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንዲሁ። እንደተጻፈው የተየባችሁትን አትንኩ፤ ከጎኑ ሌላ ዓምድ ከፍታችሁ ሁሉንም ወደ አንድ ፊደል የተመለሰ ቅጂ አኑሩና ፍለጋው በዚያ ይሂድ። በሁለት ነጥብ የተለያዩ ቃላትም በፍለጋው ዓምድ በባዶ ቦታ ይተኩ። በ1990ዎቹ በአሮጌ የግዕዝ ሶፍትዌር የተተየበ ጽሑፍ ካላችሁ ዛሬውኑ ወደ ዩኒኮድ (የዛሬ ኮምፒውተሮች ሁሉ ወደሚያነቡት የፊደል አቀማመጥ) አዙሩት፤ ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር ላይ የላቲን ፊደል ዝርክርክ ሆኖ ነው የሚከፈተው።

ጥያቄ፦ እኛ ጋ ያለው የአያት ደብዳቤ ሳይሆን የ2014 ዓ.ም. የስልክ መልእክትና የተለጠፉ ማስታወቂያዎች ፎቶ ነው። ይህም ይጠበቃል?
ከአጣዬ

መልስ፦ ይጠበቃል፤ ከወረቀቱም ቀድሞ ይጠፋል። ስልክ ሲሰበር ወይም ሲሸጥ አብሮ ይሄዳል። የቴሌግራም ንግግር ከሆነ በኮምፒውተር ላይ ባለው ቴሌግራም ንግግሩን ከፍታችሁ «ኤክስፖርት» በሉት፤ ሰዓቱንና ፎቶውን ይዞ በማንኛውም ኮምፒውተር የሚከፈት ማኅደር ይሰጣችኋል። ከስክሪን ላይ የተነሣ ፎቶ ብቻውን ሰዓትና ላኪ ሊቆርጥ ይችላል። ፎቶ ስትላላኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን «ፋይል» ብላችሁ ላኩ፤ እንደ ፎቶ ሲሄድ ቴሌግራም ያሳንሰዋል፣ የተነሣበትን ቀንም ይጥለዋል። አጭር መልእክት የሚያወጣ መተግበሪያ ከሌላችሁ ሁለተኛ ስልክ አምጥታችሁ እያንዳንዱን መልእክት ከነሰዓቱ ፎቶ አንሱ፤ የላኪው ስልክ ቁጥር ለሕዝብ በሚወጣው ቅጂ ላይ አይታይ። በሕይወት ያሉ ሰዎች የተጠቀሱበትን ሁሉ ለጊዜው ዝግ አድርጋችሁ ያዙ፤ የሚከፈትበትን ዓመትም ከባለቤቶቹ ጋር ተስማምታችሁ ሠንጠረዡ ላይ ጻፉት።